ሴንሰሩ ሲያስጠነቅቅ ባቡሩን የሚያቆመው ማነው?

የተከበራችሁ የምድር ባቡር ነባር ሠራተኞች፣ ውድ የምሕንድስና ተማሪዎች፣ ክቡራን እንግዶች፤

ድሬዳዋን ባቡር ወለዳት ቢባል ማጋነን አይደለም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ የጥገናው ወርክሾፕም ለስንቱ ቤተሰብ እንጀራ፣ ለስንቱ ወጣት የሙያ ትምህርት ቤት ሆነ። ስለ ባቡር ደኅንነት ለመናገር ከዚህ የሚሻል ቦታ አላውቅም።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በፉርጎ ላይና በሐዲድ ዳር የምንተክለው ዲጂታል መለኪያ መሣሪያ፣ ሴንሰር የምንለው፣ የሚሰጠንን ቁጥር ማን ያየዋል? ካየውስ በኋላ ምን የማድረግ ሥልጣን አለው?

ተቆጣጣሪው ድሮ መዶሻ ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ ይሄድ ነበር። ጤነኛው መንኮራኩር ሲመታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። የእጁን ጀርባ ወደ ኩሽኔታው (የመንኮራኩሩ ዘንግ ወደሚሽከረከርበት መያዣ) ቤት አስጠግቶ ግራሶ ያነሰውን በሙቀቱ ይለየዋል። ዛሬ ይህንኑ ሥራ ሙቀትን ሳይነካ የሚለካው ኢንፍራሬድ ሴንሰርና ድምፅ የሚያዳምጠው ማይክሮፎን ባቡሩ ሳይቆም ይሠሩታል። ይሁን እንጂ ያ ሰው ሁለት ነገር ነበረው፤ ያንኑ ፉርጎ ባለፈው ጊዜ እንዴት እንዳገኘው ያስታውሳል፣ ካልጣመውም «አይሄድም» ይላል።

እነዚህ ሁለቱ ሲጎድሉ ምን እንደሚመጣ በጥር 2015 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ኢስት ፓለስታይን በተባለች ከተማ ታይቷል። የአንድ ፉርጎ ኩሽኔታ እየጋለ ነበር። የመጀመሪያው የሐዲድ ዳር መሣሪያ ከአካባቢው አየር በ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በልጦ አገኘው፤ ቀጣዩ በ57፤ ሦስተኛው በ141 ዲግሪ። ባቡሩ እንዲቆም ያዘዘው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ረፍዶ ነበር። 38 ፉርጎዎች ከሐዲድ ወጡ፣ አደገኛ ኬሚካል ተቃጠለ፣ ነዋሪው ቤቱን ጥሎ ወጣ። መሣሪያዎቹ እንደታሰበላቸው ሠርተው ነበር። ነገር ግን ከ21 ወደ 57 መዝለሉ በራሱ ትልቅ ምልክት ሆኖ ሳለ፣ ባቡር እንዲቆም የተቀመጠውን የሙቀት ጣሪያ ስላልነካ ባቡሩን አላስቆመም። እኔ ከጣሪያው ይልቅ ሙቀቱ የሚጨምርበትን ፍጥነት እፈራለሁ።

ወደ እኛ ልመለስ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ መስመር ወደ 750 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከደጋ ተነሥቶ እስከ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ መንኮራኩሩ ይግላል። የድሬዳዋን የቀትር ፀሐይ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ በፀሐይ በኩል ያለው የኩሽኔታ ቤት በጥላ በኩል ካለው ጓደኛው ቢሞቅ የግድ ብልሽት አይደለም። አቧራውም የሴንሰሩን ዓይን ይሸፍናል። ስለዚህ ለቀዝቃዛ አገር የተቀመረውን የማስጠንቀቂያ ቁጥር እንዳለ መቀበል የለብንም። እዚሁ፣ በራሳችን ወቅትና በራሳችን ጭነት ለክተን እናስተካክለው። ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ለምትፈልጉ ይህ ሥራ ደጃችሁ ላይ ነው።

እያንዳንዱ ኩሽኔታ የራሱ ማኅደር ይኑረው፤ መቼ ተገጠመ፣ ማን ግራሶ ቀባው፣ በየጣቢያው ስንት ዲግሪ ተነበበ። ያለዚህ ማኅደር ሴንሰሩ የሚያውቀው የዛሬን ብቻ ነው። ማኅደሩ እንዳይበላሽም የሚቀመጥበት የጥገና ኮምፒውተር ማንም ፍላሽ የሚሰካበት መሆን የለበትም።

በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አካባቢ ባቡሩ ኩርባው ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከ400 በላይ ወገኖቻችንን አጥተናል። ዛሬ ፍጥነትና ፍሬን በሎኮሞቲቩ መቅጃ ላይ ይመዘገባሉ። ታዲያ መቅጃው አደጋ ሲደርስ ብቻ ለምን ይከፈታል? ያለ አደጋ ካለቀው ጉዞም ማን የት ላይ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ እንደሄደ ይነበባል። ይህን የምለው አሽከርካሪውን ለመቅጣት ሳይሆን የሚያስቸግረውን ኩርባ ለማወቅ ነው።

እንግዲህ ለኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የጥገና ባለሙያ በመረጃ ተደግፎ «ይህ ፉርጎ ይቁም» ካለ፣ ጭነት ዘገየ ተብሎ ትእዛዙ በስልክ አይሻር። የሚሽረው ሰው ስሙንና ምክንያቱን በዚያው ማኅደር ጽፎ ይፈርም። ይህን ደንብ ለማውጣት አዲስ መሣሪያም የውጭ ምንዛሪም አያስፈልግም፤ በዚህ ወር ሊጀመር ይችላል። ረቂቁን ከነባር ሠራተኞቹ ጋር ቁጭ ብዬ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

አመሰግናለሁ።