አራት ብሎኖች

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላሉ አራት ብሎኖች ላጫውታችሁ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 የአላስካ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 9 ከፖርትላንድ ተነሥቶ ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ከጎኑ አንድ መዝጊያ ተገንጥሎ ወደቀ። በር ስላላስፈለገ ክፍት ቦታው የተደፈነበት መዝጊያ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሞተ ሰው የለም። መዝጊያውን መያዝ የነበረባቸው አራት ብሎኖች ግን በቦታቸው አልነበሩም። በቦይንግ ፋብሪካ ውስጥ አጠገቡ ያሉ ሪቬቶች (ብረቶችን የሚያያይዙ ምስማሮች) እንዲጠገኑ መዝጊያው ተፈትቶ ነበር፤ ሲገጠም ብሎኖቹ ቀሩ።

እኔን ያስደነገጠኝ ከብሎኑ ይልቅ ወረቀቱ ነው። መዝጊያው መፈታቱን የሚገልጽ ሰነድ አልተገኘም። በመዝገቡ መሠረት እኮ ማንም አልነካውም! ያልተነካን ነገር ደግሞ ማን ሊፈትሽ ይመጣል?

መጀመሪያ ስሰማ «ያ ሠራተኛ ማን ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። ቆየት ብዬ ግን አፈርሁ። ስሙ ተጠርቶ ቢባረር አጠገቡ የቆመው ባልደረባው የሚማረው ዝምታን ነው። በዚህ ሙያ ደግሞ «ተሳስቻለሁ» የሚል ሰው ከወርቅ ይበልጣል።

ይህን ስል ተጠያቂ የለም ማለቴ አይደለም፤ ቀና ብለን ወደ ላይ እንይ። በኦክቶበር 2018 የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ማክስ 8 ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። ኤምካስ የተባለው በራሱ የሚሠራ የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓት፣ አውሮፕላኑ ክንፉ አየሩን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ጠቋሚዎች እያሉት፣ የአንዱን ብቻ አምኖ አፍንጫውን ቁልቁል ይደፍቅ ነበር። አብራሪዎቹ በመመሪያቸው ውስጥ ስለ ሥርዓቱ አላነበቡም። ይህን የወሰነው ብሎን አጥባቂ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም የአውሮፕላኑን ደኅንነት ከማረጋገጡ ሥራ ብዙውን ለአምራቹ ሠራተኞች በውክልና ሰጥቶ ነበር። ውክልናው ሕጋዊ ነው፤ ቢሆንም ደመወዙን ከሚፈተሸው ድርጅት የሚቀበል ፈታሽ ስንት ጊዜ «አይሆንም» ይላል?

ፋብሪካው ውስጥ ወረቀት ጠፋ ብያችኋለሁ። ላይ ቤት ግን ወረቀቱ ነበረ። ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ያው ተቆጣጣሪ ባሠራው ስሌት፣ ማስተካከያ ካልተደረገ በአውሮፕላኖቹ ዕድሜ ውስጥ ከ15 በላይ የሞት አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ተጽፎ ነበር። አውሮፕላኖቹ መብረራቸውን ቀጠሉ።

ስሌቱ የተሠራው በዲሴምበር 2018 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ 8፣ በረራ 302፣ ማርች 10 ቀን 2019 ከአዲስ አበባ ተነሣ፤ 157 ሰዎችን ይዞ፣ ስድስት ደቂቃ ያህል በረረ።