ወንዙን በጥር ለኩት

(ግንቦት 28 ቀን የዓለም የአካባቢ ቀንን ምክንያት በማድረግ ለድሬዳዋ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሙቀት ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የድሬን ግንቦት ለእናንተ አልነግራችሁም።

አዘጋጆቹ ስለ ታዳሽ ኃይል እንድናገር ነው የጠየቁኝ። ስለ ፀሐይም ስለ ነፋስም ጥቂት ጽፌ ነበር፣ ትቼዋለሁ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ውሃ ስለካ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ላውራ። ትናንሽ ወንዞች ላይ ለሚሠሩ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ስለሚሰጠው የአካባቢ ፈቃድ ነው የማወራው።

ከደቻቱ ልጀምር። በበጋ የመጣ እንግዳ አሸዋውን አይቶ «ይሄ ወንዝ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ይሄድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እኛ ግን የ1998ን ክረምት እናውቃለን። ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በዚያ አሸዋ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቤተሰቡን ያጣ አለ። ቁስል ለመንካት አይደለም ያነሳሁት። ወንዝ አንድ ቀን ሄዶ በማየት እንደማይታወቅ ከድሬ ሰው በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ነው።

አሁን የማወራው ከዓመታት በፊት ያየሁትን ነው። ሐረርጌ ደጋ ላይ አንዲት ትንሽ ወንዝ አለች። ስሟንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም፣ ሰው ለመክሰስ አልመጣሁም። እዚያ ላይ አነስተኛ ማመንጫ ሊሠራ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። ቀበሌው ከዋናው መስመር የራቀ ነው። ልጆች በኩራዝ ያጠናሉ፣ እህል ለማስፈጨት ግማሽ ቀን ይኬዳል። መብራት ይገባቸዋል።

ውሃውን እንድለካ ተላክሁ። የሄድኩት መስከረም ላይ ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ወንዟ ጉልበቴ ድረስ ትመጣለች። መሣሪያው ተበላሽቶ ስለነበር በብርቱካን ለካሁ። ለማያውቅ ላስረዳ። ብርቱካን ውሃ ላይ ስትጥላት አብዛኛው ሰውነቷ ይሰምጣል፣ ስለዚህ ነፋስ አይገፋትም። 10 ሜትር ለመሄድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት ትቆጥራለህ፣ ፍጥነቷን በወንዙ ስፋትና ጥልቀት ታባዛለህ፣ የላዩ ውሃ ከሥሩ ስለሚፈጥን ትንሽ ትቀንሳለህ። ከልብ ከተሠራ ጥሩ ዘዴ ነው። ሁለት ቀን ለካሁ፣ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ከሥሩ ፈረምኩ። «በበጋ ይደገም» ብዬ በአፌ ተናግሬያለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን አልጻፍኩትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱ መጣ። ወፍራም ነው። ሳገላብጠው መሃል ላይ የሌላ ክልል ወንዝ ስም አገኘሁ። ከሌላ ጥናት ሲገለበጥ ሳይጠፋ የቀረ። የሕዝብ ውይይት ቃለ ጉባኤም ተያይዟል። የፈረሙትን አየሁ፣ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው አቦ! አንዲት ሴት አልተጠየቀችም! ፈቃዱ ግን ወጣ።

ግንባታው ካለቀ በኋላ፣ አንድ ጥር ላይ፣ በሌላ ሥራ በዚያ አለፍኩ። ማመንጫው ሥራ ጀምሯል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ላይ በኩል ወንዙ በዝቅተኛ ግድብ ይጠለፋል፣ ውሃው በቦይ ይሄዳል፣ ከዚያ በትልቅ ቧንቧ ቁልቁል ይወርድና ተርባይኑን አዙሮ ታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። ውሃው አይቃጠልም፣ ጭስ የለውም። ጥናቱም «ውሃው ሙሉ በሙሉ ወደ ወንዙ ይመለሳል» ይላል። እውነት ነው፣ ይመለሳል። ግን ከጠለፋው እስከ መመለሻው ያለው መንገድስ? እዚያ መሃል ሰው ይኖራል። ድንጋይ ብቻ ነበር የቀረው። ገንዳ በምታክል ጉድጓድ ውስጥ የቀረች ውሃ ነበረች፣ አረንጓዴ ሆናለች፣ ከብትም ሰውም እሷን ይጠብቃል።

አንዲት አሮጊት ጀሪካን ይዘው ቧንቧው አጠገብ ተቀምጠዋል። «አዴ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። እጄን ይዘው ብረቱ ላይ አስቀመጡት። ይንቀጠቀጣል፣ ውሃው ውስጡ ሲሮጥ ይሰማል። በኦሮምኛ ነው የመለሱልኝ፦ «ልጄ፣ ውሃችን እዚህ ውስጥ ነው። እንሰማዋለን፣ አንቀዳውም።»

እኔ በመስከረም የፈረምኩባት ወረቀት ናት ያን ያመጣችው።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም። ሒሳቡ ነው ያስገደደው። በሰከንድ 50 ሊትር ውሃ ከ40 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ የሚባክነው ተቀንሶ 15 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል። ውሃው 20 ሊትር ሲሆን ኃይሉ ወደ 6 ይወርዳል። መንደሩ መብራት ለምዷል፣ ወፍጮው ይጠብቃል፣ ስለዚህ ያለችውን ሁሉ ወደ ቦዩ ያስገባል። የሚያግደው ምን አለ? ፈቃዱን አንብቤዋለሁ። «አካባቢን በማይጎዳ መልኩ» ይላል። ለወንዙ በሰከንድ ስንት ሊትር ይቀር የሚል ቁጥር የለውም። አንድም! «በማይጎዳ መልኩ» በባልዲ አይለካም። ቁጥር የሌለው ግዴታ ግዴታ አይደለም፣ ማንም ሊቆጣጠረው አይችልም፣ ማንም ሊጠየቅበት አይችልም!

ሕግ ስለሌለን ነው እንዳትሉ። የ1995ቱ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ፣ ቁጥር 299፣ አለ። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ አካባቢ መሥሪያ ቤቱ ይሁንታ ሥራ መጀመር አይችልም ይላል። የኢንቨስትመንት ወይም የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው አካልም ይህ ይሁንታ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። አንቀጽ 15 ደግሞ ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት ይሁን፣ አስተያየት ይጠየቅበት ይላል። ለሕዝብ! መሥሪያ ቤቱ ገምግሞ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ይፈቅዳል፣ በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳል፣ ወይም ይከለክላል። «በቅድመ ሁኔታ» የምትለዋ ናት የእኔ ጉዳይ። ቁጥሩ የሚገባው እዚያ ነው። ተፅዕኖው ከአንድ ክልል ሲያልፍ ግምገማው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ነው፣ እኛም ድሬዎች ውሃችን ከምሥራቅ ሐረርጌ ተራሮች ስለሚወርድ ይህን ልናውቅ ይገባል።

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርጋል? ስዊዘርላንድ የተራራ አገር ናት፣ ማመንጫ የሞላባት። ሕጋቸው የሚነሳው ከጎርፉ ወይም ከአማካዩ አይደለም። በዓመት 347 ቀን የማይጠፋውን ፍሰት ይዘው፣ ከዚያ ተነስተው ወንዙ ውስጥ መቅረት ያለበትን በሊትር ይጽፋሉ። ከወንዙ ድሃ ቀን ይነሳሉ ማለት ነው። ፈረንሳይ፣ የባቡራችን አገር፣ ቢያንስ የአማካዩ አንድ አስረኛ ይቅር ትላለች። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከመንግሥት ፈቃድ ሌላ፣ ጉዳታቸው ዝቅተኛ ለሆነ ማመንጫዎች ምስክር ወረቀት የሚሰጥ ለትርፍ ያልቆመ ተቋም በፈረንጆቹ 1999 ተቋቁሟል። ማመንጫው ከሚመዘንባቸው ነገሮች መጀመሪያ የሚመጣው ወንዙ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው። የዓሣ መተላለፊያ፣ የውሃ ጥራት፣ ሌላው ከዚያ ይከተላል። ወረቀቱም የዕድሜ ልክ አይደለም፣ ጊዜው ሲያልፍ ማመንጫው እንደገና ይመረመራል።

ፈቃድ ጊዜ ካለው ደግሞ ሊነጠቅም ይችላል። ሜይን በሚባለው ግዛት ኬነቤክ ወንዝ ላይ ኤድዋርድስ የሚባል ግድብ ነበር፣ በፈረንጆቹ 1837 የተሠራ፣ 3.5 ሜጋዋት የሚያመነጭ። ባለቤቱ ፈቃዱ ይታደስልኝ አለ። የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ጥቅምና ጉዳቱን መዝኖ በፈረንጆቹ 1997 አላድስም፣ ይፍረስ አለ። በፈረንጆቹ 1999 ፈረሰ፣ ዓሣውም ሽቅብ መውጣት ጀመረ። እኔ እዚህ አገር ማመንጫ ይፍረስ አላልኩም። «አይ» ማለት የሚችል ፈቃድ ሰጪ ይኑረን ነው ያልኩት!

«አንተ ልማት ልታደናቅፍ ነው» የሚሉኝ አሉ። የሚያደናቅፈው ሳይለካ የሚሠራው ነው። ጥር ላይ ውሃ የሚያጣ ተርባይን ለማንም አይጠቅም፣ በበጋው ልክ የተመረጠ ትንሽ ማሽን ግን ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። መንደሩም መብራቱንም ውሃውንም ያገኛል።

ደለልም አለ። አባ ሳሙኤልን ታውቃላችሁ፣ አዲስ አበባ ታች ያለው፣ 6.6 ሜጋዋት። በደለልና በቆሻሻ ተደፍኖ ለብዙ ዓመት ቆሞ ነው በ2009 በቻይና እርዳታ የታደሰው። የእኛ ተራራ አፈር ምን ያህል እንደሚታጠብ ከደቻቱ ቀለም ታውቁታላችሁ። ላይ ያለው ተፋሰስ ካልተጠበቀ ማመንጫው አይቆይም። ሐሮማያ ሐይቅም ዓይናችን እያየ ነው የደረቀው፣ ሐረር ውሃ ፍለጋ ወደኛ ቆላ እስክትወርድ ድረስ። ክትትልን በተመለከተም፣ ፈቃድ የሰጠ ሰው በዓመት አንዴ፣ በጥር፣ ቦታው ድረስ ይሂድ።

ለዩኒቨርሲቲ ልጆቻችን አንድ ነገር። ነገ እናንተ ትለካላችሁ፣ እናንተ ትፈርማላችሁ። አለቃችሁ በመስከረም ከላካችሁ «በበጋ ካልተደገመ ይህ ቁጥር ለፈቃድ አይበቃም» ብላችሁ ከፊርማችሁ በላይ ጻፉ። እኔ ያልጻፍኩትን እናንተ ጻፉት።

መውጫው በር ላይ ደብዳቤ አለ፣ ለአካባቢ መሥሪያ ቤቱ የሚገባ። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ የበጋ ልኬት የሌለው ማመልከቻ ተቀባይነት እንዳያገኝ፣ ለወንዙ የሚቀረው ውሃም በሊትር ፈቃዱ ላይ እንዲጻፍ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ተዘጋጅቷል። እናቶች፣ እባካችሁ እናንተ ቅድሚያ ፈርሙ።

አመሰግናለሁ።