አርዮስ ወይስ አትናቴዎስ፦ ለፕላቶ የቀረበው ማን ነበር?

ክቡራን አባቶች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ እህቶችና ወንድሞች፤ እንደምን አመሻችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ የግሪክ ፍልስፍና በጥንታዊው የክርስትና ነገረ መለኮት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ነው። ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ወጣቶች ደጋግመው በሚያነሡት አንድ ክስ ላይ ላተኩር። «ሐዋርያት ያስተማሩት ቀላል ወንጌል ነበር፤ ኋላ የመጡት ሊቃውንት ከፕላቶ ጋር ቀላቀሉት፤ የኒቂያ ጉባኤም ፍልስፍናውን ሃይማኖት አድርጎ አጸደቀው» ይባላል። ክሱ ግማሽ እውነት ስላለው በቁጣ ብቻ አይመለስም። ሊቃውንቱ ከፍልስፍና መበደራቸው አይካድም። ነገር ግን ኒቂያ ላይ ለግሪኩ ፈላስፋ ለፕላቶ ይበልጥ የቀረበው የተወገዘው የአርዮስ ወገን ነበር ባይ ነኝ። የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ብድሩ የጀመረው ገና በሐዋርያት ዘመን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ ቆሞ፣ የኤፊቆሮስ ወገኖችና ኢስጦኢኮች የተባሉ የግሪክ ፈላስፎች እየሰሙት፣ «እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነን» ሲል የጠቀሰው ነቢይ አልነበረም። ቃሉ የኪልቅያው ባለቅኔ አራጦስ ስለ ከዋክብት ከጻፈው ግጥም የመጣ ነው፤ በግጥሙ ውስጥ ዘመድነቱ ለዜውስ ነበር። ጳውሎስ የጣዖቱን ውዳሴ ነጥቆ ለሰማይና ለምድር ፈጣሪ ሰጠው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ሰማዕቱ ዮስጢኖስን እናገኛለን። የተወለደው በሰማርያ ምድር፣ ዛሬ ናቡልስ በምትባለው ከተማ ነው። እውነትን ፍለጋ መጀመሪያ ወደ አንድ ኢስጦኢክ ሄደ፤ መምህሩ ስለ እግዚአብሔር የሚነግረው አልነበረውም። ቀጥሎ የአሪስቶትልን መንገድ የሚከተል መምህር ያዘ፤ እሱ በጥቂት ቀን ውስጥ የትምህርት ክፍያ ጠየቀው። (የመምህራንን ኑሮ ለምናውቅ ይህ ያን ያህል ነውር አይመስለንም፤ ዮስጢኖስ ግን ፈላስፋ አይደለም ብሎ ተወው።) የፒታጎራስ ተከታዩ «ሙዚቃ፣ ሥነ ፈለክና ጂኦሜትሪ ሳትማር አትምጣ» አለው። በመጨረሻ ከፕላቶ ደቀ መዝሙር ዘንድ ልቡ ዐረፈ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ፣ በባሕር ዳር አንድ ሽማግሌ አግኝተው ስለ ነቢያት እስኪነግሩት።

ዮስጢኖስ ክርስቲያን ከሆነ በኋላም የፈላስፎችን ካባ አላወለቀም። ከክርስቶስ በፊት በቃል፣ ማለትም በሎጎስ፣ የኖሩ ሁሉ፣ እንደ ሶቅራጥስና ሄራክሊጦስ ያሉት፣ ክርስቲያኖች ናቸው ብሎ ጻፈ። በ165 ገደማ ሮም ላይ የሞት ፍርድ የፈረደበት የከተማዋ ገዥ ሩስቲኩስ ራሱ ኢስጦኢክ ፈላስፋ ነበር፤ የንጉሡ የማርቆስ አውሬልዮስ መምህር። ፍልስፍና በዚያ ችሎት በሁለቱም ወገን ቆማለች።

ይህን የማይወዱም ነበሩ። የሰሜን አፍሪካው ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ «አቴና ከኢየሩሳሌም ጋር ምን አላት?» ብሎ ጮኸ። እሱው ስለ ነፍስ ሲጽፍ ግን ነፍስ ግዙፍ አካል አላት የሚለውን የኢስጦኢኮች ትምህርት ይዞ ተገኘ። በዚያ ዘመን ከግሪክ አሳብ ሙሉ በሙሉ ማምለጥ ለማንም አልተቻለም።

አደጋው ግን ከዮስጢኖስ ትምህርት ውስጥም ነበረ። በዘመኑ የነበሩት የፕላቶ ተከታዮች ላዕላዩ አምላክ እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ ግዙፉን ዓለም በቀጥታ አይነካም ይሉ ነበር፤ በመካከል አገናኝ ያስፈልጋል። እስክንድርያዊው አይሁዳዊ ፊሎንም ሎጎስን በዚህ መካከል አቁሞ «ሁለተኛ አምላክ» እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ዮስጢኖስ ወልድን ከአብ ቀጥሎ በሁለተኛ ማዕረግ ሲያስቀምጥ ከዚህ ጥላ አልወጣም።

እዚህ ላይ ነው የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ የሚመጣው። «ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ» ሲል የአብን ልዕልና እየጠበቀ ነበር፤ የማይደረስ አንድ አምላክ፣ ከሥሩ ዓለምን የሚፈጥርበት የተፈጠረ መካከለኛ። ይህን ሥዕል በእስክንድርያ የፍልስፍና ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ያለ ችግር ይረዳዋል። የማይረዳው የተቃዋሚውን፣ ኋላ የእስክንድርያ ጳጳስ የሆነውን የአትናቴዎስን ነው፦ ላዕላዩ አምላክ ራሱ፣ ያለ አማላጅ መካከለኛ፣ ወደ ሥጋ ወረደ የሚለውን።

ታዲያ በ325 በኒቂያ ጉባኤ አባቶች ለምን የግሪክ ቃል ተጠቀሙ? አትናቴዎስ ራሱ ይነግረናል። ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ አነጋገር በቀረበ ቁጥር የአርዮስ ወገኖች እርስ በርስ እየተንሾካሾኩና ዐይን እየተጣቀሱ «ይህንማ እኛም እንቀበላለን» ይሉ ነበር፤ በየራሳቸው ትርጉም። ስለዚህ መሸሸጊያ የማይሰጥ ቃል ተፈለገ፤ «ሆሞኡስዮስ»፣ በባሕርይ አንድ የሆነ። ለብዙዎች የማይመች ቃል ነበር፤ በ268 በአንጾኪያ በሌላ ክርክር ተነቅፎ ያውቃል። በጸሎተ ሃይማኖት «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ፣ በመለኮቱ ከአብ ጋር የሚተካከል» ስንል የምንደግመው ያንን ውሳኔ ነው። ቃሉ የግሪክ ነው፤ የዘጋው በር ደግሞ የግሪክ ፍልስፍና የከፈተው ነበር።

ጉዳዩ እኛም ቤት ደርሷል። በ356 ገደማ፣ አርዮሳውያንን የሚደግፈው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። በአትናቴዎስ እጅ የተሾመው ፍሬምናጦስ፣ አባ ሰላማ፣ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአርዮሳዊው ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት ሃይማኖቱ ይመርመር የሚል ነው። ደብዳቤው በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆልናል። ኒቂያን የሩቅ ሰዎች ጭቅጭቅ አድርገን ስናነብ ይህን እንረሳለን።

ብድሩ ሁሉ ያለ ወለድ አልተከፈለም። የእስክንድርያው መምህር አርጌንስ ለተማሪው በጻፈው ደብዳቤ እስራኤል ከግብፅ ወርቅ ወስደው የደብተራ ኦሪትን ንዋያት እንደሠሩ ሁሉ ክርስቲያንም ከፍልስፍና ይውሰድ ይላል፤ ይህን በደኅና የሚሠሩት ግን ጥቂቶች ናቸው ብሎ ያስጠነቅቃል። ነፍሳት ከሥጋ በፊት ነበሩ የሚለው፣ ለፕላቶ የቀረበ የራሱ ትምህርት ኋላ ተወገዘ።

አምላክ አይታመምም፣ አይለወጥም የሚለውንም ፈላስፎች አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። አባቶች ተቀበሉት፤ ከዚያ መስቀሉ ፊታቸው ቆመ። የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ ለቁስጥንጥንያው ጳጳስ ለንስጥሮስ ሲመልስ ከሁለቱ አንዱን አልጣለም፦ የማይታመመው እርሱ በሚታመመው ሥጋ ውስጥ ነበረ አለ። ለፕላቶም ለአሪስቶትልም ይህ ዐረፍተ ነገር ስሜት አይሰጥም። በስሙ «ቄርሎስ» የሚባለው መጽሐፍ በአክሱም ዘመን ከግሪክ በቀጥታ ወደ ግእዝ ተመልሷል፤ የያዘውም ይህንኑ ክርክር ነው።

ክሱ ይበልጥ የሚጸናው በሥላሴ ላይ ሳይሆን በነፍስ ነገር ላይ ይመስለኛል። ዮስጢኖስ፣ ያን ያህል ፕላቶን የወደደው ሰው፣ ትንሣኤ ሙታን የለም፣ ሰው እንደ ሞተ ነፍሱ ወዲያው ወደ ሰማይ ትወሰዳለች የሚሉትን «ክርስቲያኖች ናቸው አትበሉ» ብሏል። ዛሬ ስንቶቻችን ስለ ነፍስ ዕረፍት ብቻ ተናግረን የሥጋን ትንሣኤ እንደምናልፍ እናንተ ታውቃላችሁ። ይህ ራሱን የቻለ ጉባኤ የሚፈልግ ነውና ከፈለጋችሁ በጥያቄው ሰዓት አንሡት።

ስለ ትዕግሥታችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።