ልጆቹም ወንበር ይሸከሙ

ክቡር የእድራችን ዳኛ፣ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ልጆቻችን ጭንቀት እንድናገር ጠይቃችሁኛል። ሐኪም አይደለሁም። እዚሁ አራት ኪሎ የማስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፣ እናትም ነኝ። የምናገረው ክፍል ውስጥ የማየውን፣ ቤቴ የማየውንና አንብቤ ያገኘሁትን ነው።

እስቲ እነዚህ ልጆች ያለፉበትን ጊዜ አስቡት። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገና ፊደል እየቆጠሩ የነበሩ አሉ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ኑሮው ተወደደ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ አብረዋቸው ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ከነቤተሰባቸው ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። መስከረም 26 ቀን 2017 ማታ ደግሞ መሬቱ ራሱ ተንቀጠቀጠ። መነሻው አዋሽ ፈንታሌ ነበር፤ ፎቅ ላይ የምንኖር የአዲስ አበባ ሰዎች ግን በነጠላ ጫማ ደረጃ ወርደናል። ታኅሣሥ ላይም እየተመላለሰ አስደንግጦናል። «የዛሬ ልጆች ምን ጎደላቸው?» የሚል ሰው ስሰማ ይገርመኛል።

ልጅ ሲጨንቀው «ጨነቀኝ» አይልም። «ሆዴን አመመኝ» ነው የሚለው። በተለይ ሰኞ ጠዋት። ክሊኒክ ትወስዱታላችሁ፣ ይመረመራል፣ ምንም የለም ትባላላችሁ። «ታዲያ ለምን ትዋሻለህ?» ብላችሁ ትቆጣላችሁ። ልጁ ግን አልዋሸም፤ ሆዱ እውነትም ይቆርጠዋል። ሌላው በትንሽ ትልቁ ይነጫነጫል። ሌላው መብራት አታጥፉብኝ ይላል። ሌላዋ «ማሚ፣ ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?» የሚለውን ጥያቄ መልሱን እያወቀችው ደጋግማ ትጠይቃለች።

ጎረቤቴ የሆነ አንድ ልጅ ከዚያ መንቀጥቀጥ በኋላ ጫማውን አድርጎ ካልሆነ አልተኛም አለ። ስኒከሩን በደንብ አስሮ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ። እናቱ ተቆጣች፣ አንሶላው ቆሸሸ። አባቱ «ሁለተኛ አይመጣም» ብሎ ማለለት። በነጋታው መጣ! ከዚያ ወዲያ የአባቱን ቃል ማን ይመነው?

የረዳው ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ጫማው ከእግሩ ወልቆ አልጋው ሥር ሆነ። ከሳምንት በኋላ በሩ ጋ። በዚህ መሀል አባቱ መሬት ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚደረግ አሳየው፤ ከመስኮት ራቅ ማለት፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መግባት፣ ጭንቅላትን መሸፈን፣ እስኪያልፍ የጠረጴዛውን እግር ይዞ መቆየት። ደረጃ ላይ መሮጥ እንደሌለበትም ነገረው። ከዚያ ሥራ ሰጠው። ታች ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እማማ አሉ። «ጋብ ሲል ከእኔ ጋር ወርደህ እማማን የምታያቸው አንተ ነህ» አለው። ልጁ በራሱ ጊዜ ወርዶ የእማማን ጠረጴዛ እየነቀነቀ ጥንካሬውን ሲፈትሽ አይቼዋለሁ። እማማ በጣም ነው የሳቁት።

እኔ ዛሬ ልላችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። የጨነቀው ልጅ ከሰው ሲሸሸግ አይድንም። ከሰው መሀል ገብቶ የሚችላትን ትንሽ ነገር ሲሠራ ነው ልቡ የሚረጋው። የልጆችን ጭንቀት የሚያክሙ ባለሙያዎችም ከሚፈራው ነገር ሁሉ በሸሸ ቁጥር ፍርሃቱ እንደሚጨምር ይናገራሉ። ዛሬ «በቃ ቅር» ስትሉት እፎይ ይላል። ነገ ግን የሚፈራው ነገር ከትናንቱ ገዝፎ ይጠብቀዋል።

እኛ ግን ምን እያደረግን ነው? ግቢ እንቆልፋለን። ለቅሶ ልጅ አይሄድም እንላለን። ሠርግ ቤት ስልክ ሰጥተን ጥግ እናስቀምጠዋለን። ደግሞ ዝም እንዲል «ጅብ ይበላሃል»፣ «ፖሊስ እጠራብሃለሁ»፣ «ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል» እንላለን። ይህ ልጅ አንድ ቀን አራት ኪሎ አደባባይ ላይ ከእጃችሁ ቢጠፋ ወደ ማን ይሂድ? ወደ ፖሊሱ ነበር መሄድ ያለበት። እናንተ ግን አስቀድማችሁ አስፈራርታችሁበታል።

ቡና ላይ የምናወራውንም እናስተውል። ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ፈንድሻ የሚቆረጥም ልጅ ሁሉንም እየሰማ ነው። «ልጅ ነው፣ አይገባውም» የሚባል ነገር የለም። በከፊል ይገባዋል፤ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል፣ እሱ የሚሞላው ደግሞ ከእውነቱ የባሰ ነው። ስልካችሁ ላይ ያ የተቃጠለ ቤት ደጋግሞ ሲታይ፣ ትንሽ ልጅ አንድ ቤት ነው የተቃጠለው ብሎ አያስብም። ባየው ቁጥር ሌላ ቤት እየተቃጠለ ይመስለዋል። ዜና አትስሙ አልልም። እኔም እሰማለሁ፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ። ግን ጆሮ ማዳመጫ ርካሽ ነው።

የልጆችን ሥነ ልቦና ታጠና የነበረችው አና ፍሮይድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለንደን ውስጥ ከቦምብ የሸሹ ሕፃናትን ሰብስባ ታሳድግ ነበር። ያስተዋለችው ነገር ያኔ ሰውን አስገርሟል። ብዙዎቹን ሕፃናት ከቦምቡ ይልቅ ይበልጥ የጎዳቸው ከእናት መለየቱ ነበር። እናት ስትረጋ ልጅ ይረጋል፣ እናት ስትርበተበት ልጅም ይርበተበታል። ይህን ስል እናቶች ላይ ሌላ ሸክም እየጫንኩ እንዳይመስላችሁ። አባቶች ሆይ፣ እናንተንም ነው!

ወደ ለቅሶው ልመለስ። እኛ አገር ልጅ አባቱ ሲሞት «አባትህ አሜሪካ ሄዷል» ይባላል። ሁላችንም እንዲህ የተባለ ልጅ እናውቃለን። ልጁ ይጠብቃል። አባቱ ሳይሰናበተው ለምን እንደሄደ ያስባል፤ ምናልባት ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን ይላል። ከዚያ እናቱ ለሥራ አዳማ ልትሄድ ሻንጣ ስታወጣ ልጁ ይንቀጠቀጣል። እኛ «ምን ነካው?» እንላለን። ሞቷል በሉት። በአጭሩ፣ እቅፍ አድርጋችሁ፣ በምትወዱት ቋንቋ። ከዚያ «አንተን ማን እንደሚያሳድግህ እናውቃለን» በሉት። መስማት የሚፈልገው ይህንን ነው።

እዚህ የተቀመጣችሁ ትልልቆቹ መሸሸግን ከምን እንደተማርነው ታውቃላችሁ። በቀይ ሽብር ጊዜ ልጁ የተገደለበት ወላጅ እንዳያለቅስ ተከልክሏል። መስቀል አደባባይ ያለውን የሰማዕታት ሙዚየም ያያችሁ የፎቶዎቹን ብዛት ታስታውሳላችሁ። ከየፎቶው ጀርባ ድምፁን አፍኖ ያለቀሰ ቤት አለ፣ ያን ዝምታ እያየ ያደገ ታናሽ ወንድም አለ። ዛሬ ድንኳን ጥለን፣ ተሰብስበን ማልቀስ መቻላችን ቀላል ነገር አይደለም። ልጆቻችንን ከዚህ ለምን እናስቀራቸዋለን?

የሌላውን ወገን ስህተትም አልደብቅም። ኮሚቴ፣ ማኅበር፣ ጽዋ፣ ስብሰባ እያልን ሳምንቱን ሙሉ ውጭ የምናመሽ አለን። የሰው ቤት ስናጽናና የራሳችን ልጅ በመስኮት እየጠበቀን ያመሻል። ከማኅበራዊ ኑሮ ውጡ አልላችሁም፤ ይህ ከተማ በእድርና በጎረቤት ነው የቆመው። ግን አንድ ሰዓት እመጣለሁ ካላችሁ አንድ ሰዓት ኑ። ካልቻላችሁ ደውሉ። ሰፈር የቀየሩ ጓደኞች ካሏቸውም አንድ ቅዳሜ ታክሲ ይዛችሁ ውሰዷቸው። ሩቅ ነው፣ አውቃለሁ፤ ሰልፉም ያማርራል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ ለሳምንታት ትምህርት ቤት አልሄድም ያለ፣ ይባስ ብሎ መሞት እፈልጋለሁ ያለ ልጅ ካለ ጊዜ አትስጡ። ሐኪም ጋ ውሰዱት። «አማኑኤል» የሚለውን ስም ለስድብ ስለለመድነው እንፈራዋለን እንጂ፣ እዚያ ያሉት ለዚሁ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ጠበል የምትወስዱም ውሰዱ፣ ጠበሉና ሐኪሙ አልተጣሉም።

ለእድሩ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከእንግዲህ ድንኳን ሲተከል ከ10 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆቻችን ወንበር ያድርሱ፣ ብርጭቆ ይሰብስቡ። አስከሬን ይዩ፣ ሙሾ ይስሙ አላልኩም። አልፈልግም ያለ ልጅም አይገደድ። ሐዘን የገባበት ቤት ልጅ ካለ ደግሞ የእኩዮቹ ሥራ ከእሱ ጋር መቀመጥ ይሁን፤ ካርታም ይጫወቱ፣ ኳስም ይራገጡ፣ ማንም አይቆጣቸው። ጸሐፊያችን ፈቃደኛ ከሆኑ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ የልጆቹን ስም መመዝገብ እንጀምር።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው፣ ወይም አልስማማም የሚል ካለ እጁን ያውጣ።