641 እንዴት ይገኛል?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ 4,294,967,297። 2 ፓወር 32 ሲደመር 1 ማለት ነው።

ፈረንሳዊው ፒየር ዴ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ይህን ቁጥር ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ነው ብሎ ያምን ነበር። በዚሁ መንገድ፣ ፓወሩ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሲሆን፣ የሚገኙት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 አምስቱም ብቸኛ ናቸውና እምነቱ አይፈረድበትም። በ1732 ግን ሌዎንሃርድ ኦይለር 641 ያለ ቀሪ እንደሚያካፍለው አሳየ።

ከመልሱ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ፍለጋው ነው። ከ2 ጀምረን በየተራ ብንሞክር 641 የምንደርስበት 116ኛው ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ነው። ከማካፈላችን በፊት ግን አካፋዩ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት እንጠይቅ። ብቸኛው ቁጥር ፒ ቁጥራችንን ካካፈለ፣ 2 ፓወር 32 ለፒ ሲካፈል ከፒ በ1 የሚያንስ ቀሪ ይተዋል፤ እንደ −1 ቁጠሩት። ያ በራሱ ሲባዛ 2 ፓወር 64 ቀሪው 1 ይሆናል። ከ64 በታች ባለ ፓወር ቀሪው 1 ሊሆን አይችልም፤ ቢሆን ኖሮ 2 ፓወር 32ም ቀሪው 1 በሆነ ነበር። የፌርማ ትንሹ ቴዎረም ደግሞ ፓወሩ ፒ ሲቀነስ 1 ሲሆን 2 ለፒ ተካፍሎ ቀሪው 1 ነው ይላል። እንግዲህ ፒ ሲቀነስ 1 የ64 ብዜት መሆን ግዴታው ነው።

አሁን የሚቀሩን 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አምስተኛው ሙከራ ላይ ደረስን ማለት ነው! እንዴት ደስ ይላል።

ማረጋገጫውን በወረቀት ሥሩት። 2 ፓወር 8፣ 256 ነው። በራሱ ሲባዛ 65,536፤ ከዚያ 641 ሲባዛ በ102፣ ማለትም 65,382 ሲቀነስ 154 ይተርፋል። 154 በራሱ 23,716፤ 641 ሲባዛ በ36፣ ማለትም 23,076 ሲነሳለት 640፤ ይህ የ2 ፓወር 32 ቀሪ ነው። 1 ጨምሩበት፣ 641 ሆነ። ባለ አሥር አሃዙን ቁጥር መንካት እንኳ አላስፈለገም። ሌላው አካፋይ 6,700,417 ነው፤ እሱም ብቸኛ ነው።

በኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ ተጠንቀቁ። አሉታዊ የማይይዝ የ32 ቢት የቁጥር ቦታ እስከ 4,294,967,295 ብቻ ስለሚቆጥር ቁጥራችን እዚያ ውስጥ ሲገባ 1 ሆኖ ያርፋል፣ ብዙ ጊዜም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ። 64 ቢትም ቀሪዎችን በራሳቸው ለማባዛት ይጠባል፤ ትልቁ ቀሪ 2 ፓወር 32 በራሱ ሲባዛ 2 ፓወር 64 ይሆንና በ1 ያልፈዋል።

ሌላው ወጥመድ የፌርማ ፈተና ነው፤ አንድ መነሻ ቁጥር፣ ፓወሩ ከሚፈተነው ቁጥር በ1 ሲያንስ፣ ለሚፈተነው ቁጥር ተካፍሎ ቀሪው 1 መሆኑን ማየት ማለት ነው። በ2 ከፈተናችሁት ቁጥሩ ብቸኛ መስሎ ያልፋል። 2 ፓወር 64 በእሱ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፤ ፓወር የምናደርገው 4,294,967,296 ደግሞ የ64 ብዜት ስለሆነ ውጤቱ ሁልጊዜ 1 ነው። በ3 ፈትኑት። የፔፓን ፈተና የሚባለው 3ን 31 ጊዜ በተከታታይ በራሱ እያባዙ ቀሪውን መያዝ ነው፤ መጨረሻው −1 ካልሆነ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም።

ይህ ፈተና አካፋዩን አይነግራችሁም። 2 ፓወር 1,048,576 ሲደመር 1 ብቸኛ እንዳልሆነ በእሱ ታውቋል፤ አንድም አካፋዩ ግን እስካሁን አልተገኘም።