ፓርት ታይም ስትመለሱ ከሥራው የሚቀነሰው የትኛው ነው?

ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ የማወራው ለዓመታት ከሥራ ርቃችሁ ቆይታችሁ አሁን በፓርት ታይም ለመመለስ ላሰባችሁ ነው። ልጅ ስታሳድጉ የቆያችሁ፣ ወላጅ ስታስታምሙ የከረማችሁ፣ ራሳችሁ ታማችሁ የነበራችሁ።

ሲቪውን ቶሎ ልለፈው። ክፍተቱን አትደብቁት። ዓመቱን አድበስብሶ ለማለፍ የሚሞክር ብዙ ሰው አለ፤ ቀጣሪ ግን ቀድሞ የሚያየው እሱኑ ነው። «ሰባት ዓመት እናቴን አስታመምኩ» ብላችሁ በአንድ መስመር ጻፉት፣ በቃ። ሊንክድኢን እንኳን እ.ኤ.አ. በ2022 ከሥራ ርቆ የተቆየበትን ጊዜ ፕሮፋይል ላይ ማስገቢያ ቦታ ጨምሯል።

ከባዱ ነገር የሚመጣው ከተቀጠራችሁ በኋላ ነው። ብዙ ቆይቶ የሚመለስ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። «እንኳን ወሰዱኝ» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አይጠይቅም፤ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል።

[ስክሪን ላይ፦ 40 ሰዓት፣ ሙሉ ደመወዝ። 20 ሰዓት፣ ግማሽ ደመወዝ። ሥራውስ?]

ይቺን እዩልኝ። ሰዓቱ ሲቀነስ ደመወዙ በዚያው ቀን ይቀነሳል። ሥራው ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ካልቀነሰው እንዳለ ነው የሚቆየው። ስለዚህ ገና ኢንተርቪው ላይ ጠይቁ፦ «ይህን ሥራ ከእኔ በፊት የያዘው ሰው በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠራ ነበር? 40 ከሆነ የቀረውን 20 ማን ይሠራዋል?» መልሱ ከተድበሰበሰ ያ የቀረው 20 ለእናንተ የተቀመጠ ነው።

አሁን ሐሙስ ጠዋት ነው እንበል። ውላችሁ ከሰኞ እስከ ረቡዕ እኩለ ቀን ነው። ልብስ እያሰጣችሁ ነው፣ እጃችሁ እርጥብ ነው፣ ስልክ ይጠራል። «ይቅርታ፣ ዛሬ እንደማትገቢ አውቃለሁ፣ ያቺን ፋይል ብቻ...» እጃችሁን ጠርጋችሁ ትልካላችሁ። አምስት ደቂቃ ነው፣ ምን ችግር አለው? በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ስብሰባ ትጠራላችሁ። ትንሽ ቆይቶ ሐሙስም የሥራ ቀን ይሆናል፣ ያለ ክፍያ። እኔ ይህን ሳይ ከልቤ ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም የሚጎዳው እምቢ ማለት የከበደው ደግ ሠራተኛ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የምሠራው እሱን ነው» ማለት ልመዱ። እውነት አጣዳፊ ከሆነ ሥሩት፣ ግን ሰዓቱን በሌላ ቀን እንዲተኩላችሁ ጠይቁ።

ይህ ልመና አይደለም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው የፓርት ታይም ሥራ ስምምነት፣ ቁጥር 175፣ ፓርት ታይም ስለሆናችሁ ብቻ መሠረታዊ ክፍያችሁ በሰዓት ሲሰላ ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠራ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ እንዳያንስ ይላል። የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ነው፤ ስለዚህ የአገራችሁን ሕግ እዩ፣ ውሉ ላይም የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድና ጡረታ መጻፋቸውን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።

አንድ ደብተር ያዙ። የገባችሁበትን፣ የወጣችሁበትን፣ ቤት ሆናችሁ የመለሳችሁትን ስልክ ጻፉ። ከሦስት ወር በኋላ 20 የተባለው 27 ሆኖ ካገኛችሁት፣ ደብተሩን ይዛችሁ አለቃችሁ ጋ ግቡ፦ ወይ ሰባቱ ሰዓት ይከፈላል፣ ወይ ሰባት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ከላያችሁ ይነሳል።