ሮቶው እንዳይደርቅ፦ ፒያሳ ለተሰበሰቡ ዲጄዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! በሥራ ቀን ምሽት እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሀገር ፍቅር ቲያትር ከዚህ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ይህ ሰፈር ሙዚቃን ከመድረክ በቀጥታ ሲሰማ ኖሯል። ከበሮ መቺው አንዲት ምት ቢያሳልፍ ወዲያው የሚያውቅ ጆሮ አለው። ዛሬ በብዙ ድግስ ላይ በባንዱ ቦታ የቆምነው እኛ ነን፤ ላፕቶፕና ኮንትሮለር፣ ማለትም ዘፈኑን በእጃችን የምንቆጣጠርበትን ሰሌዳ፣ ይዘን። ያ ጆሮ ግን አልተለወጠም። የሚጠይቀን ያንኑ ነው፤ ሙዚቃው እንዳይቋረጥ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ከበሩ ሲገቡ ድምፁ ተንጣጣ። ለአንድ ሰከንድ ያህል ጠፋ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ጠፋ። ሙሽራዋ ግራ ተጋብታ ደፉ ላይ ቆመች። ዓመታት አልፈውም ያ አቋቋሟ ከዓይኔ አልጠፋም። በማግስቱ የላፕቶፑን ሜሞሪ ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት አሳደግሁ። በሚቀጥለው ሠርግ ያው ሆነ። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ያን ጊዜ ማንም ያልነገረኝን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የኮምፒውተሩ አቅም ማነስ አይደለም፣ ሥራውን የሚያቋርጥበት ነገር መኖሩ ነው።

ሮቶ ምን እንደሚሠራ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ሮቶው ይሞላል፣ ውሃው ሲሄድ ቤቱ ከሮቶው ይጠቀማል። ኮምፒውተርም ለድምፅ እንዲህ ያለ ሮቶ አለው፤ በፕሮግራሞቻችሁ ውስጥ ባፈር ተብሎ የምታገኙት ነው። ኮንትሮለሩ ውስጥ ያለው ሳውንድ ካርድ፣ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ክፍል፣ በየሰከንዱ 44,100 ናሙና፣ ማለትም የድምፅ ቅንጣት፣ ከባፈሩ ይቀዳል። አያርፍም፣ ማንንም አይጠብቅም። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ሳይደርቅ ሊሞላው ይገባል። አንዴ ከዘገየ ከቧንቧው የሚወርድ ነገር የለም። መንጣጣቱ ያ ነው።

ታዲያ ትልቅ ሮቶ አስቀምጦ መገላገል አይቻልም ወይ? ይቻላል፣ ግን ሮቶው በተለቀ ቁጥር አሁን የገባው ውሃ ቧንቧው ጋ እስኪደርስ ይቆያል። ባፈሩን 1,024 ናሙና ብታደርጉት ድምፁ 23 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ በ512 ወደ 12፣ በ128 ወደ 3 ይወርዳል። ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያግባባው ትንሽ ፕሮግራም፣ እና ሳውንድ ካርዱም በዚህ ላይ የየራሳቸውን ትንሽ ይጨምራሉ። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 12 ሚሊ ሰከንድ ማለት ከሞንታርቦው 4 ሜትር ራቅ ብሎ እንደ መቆም ነው። ዘፈን ከዘፈን ለሚያያይዝ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ስክራች የሚያደርግ፣ ማለትም ዘፈኑን በእጁ ወደፊትና ወደኋላ እያሸ የሚጫወት ሰው ግን እጁና ጆሮው ስለሚለያዩበት ወደ 128 መውረድ ያስፈልገዋል። ስክራች የማታደርጉ ልጆች ባፈር አሳንሳችሁ ስትፎካከሩ አያለሁ፤ እባካችሁ ተዉት። 512 ላይ ሳይቋረጥ ያመሸ፣ 64 ላይ ከሚንጣጣው ይበልጣል።

ብዙዎቻችሁ «ፕሮሰሰሬ 15 ከመቶ ብቻ እየሠራ ለምን ይቆራረጣል?» ትሉኛላችሁ። ያ ቁጥር አማካይ ነው። በወሩ ስንት ሊትር ውሃ እንደመጣ ማወቅ፣ ማክሰኞ ጠዋት ቧንቧው ደርቆ እንደነበር አይነግራችሁም። በ512 ባፈር ፕሮሰሰሩ በየ12 ሚሊ ሰከንዱ መድረስ አለበት። በመሃል አንድ ድራይቨር ለ20 ሚሊ ሰከንድ ቢይዘው፣ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ቢውልም ሮቶው ደርቋል።

የእኔም ችግር ይኸው ነበር። ላተንሲሞን የሚባል የዊንዶውስ ፕሮግራም አለ፤ የትኛው ድራይቨር ፕሮሰሰሩን ለምን ያህል ጊዜ እንደያዘው በስሙ ያወጣዋል። ቤት ቁጭ ብዬ ዘፈን እያጫወትኩ አንድ ሰዓት አሠራሁት። ከሁሉ በላይ የወጣው የዋይፋዩ ድራይቨር ነበር። ከዲቫይስ ማናጀር ገብቼ ዋይፋዩን ዘጋሁት፤ መንጣጣቱም በዚያው ቆመ። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ለኩ። ብሉቱዝ ይዘጋ፤ የአንቲቫይረስ ፍተሻ፣ አፕዴት፣ ፋይል ወደ ክላውድ የሚጭን ነገር ሁሉ ከሥራ በፊት ይቁም። ዘፈኖቻችሁን አዳራሽ ደርሳችሁ ሳይሆን ቤት ሆናችሁ አናላይዝ አድርጉ፣ ፕሮግራሙ ምታቸውን እንዲቆጥር ማለቴ ነው፤ ለፕሮሰሰሩ ከባድ ሥራ ነው። በዚያው የምቱን መስመር በጆሯችሁ አረጋግጡ፤ በባንድ የተቀዱ የድሮ ዘፈኖቻችን ፍጥነታቸው ከፍና ዝቅ ይላል፣ ቺክቺካውን ደግሞ ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ አሳስቶ ይቆጥረዋል።

ዊንዶውስ የምትጠቀሙ የኮንትሮለሩን የራሱን አሲዮ ድራይቨር ጫኑ። አሲዮን የጀርመኑ ኩባንያ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው፣ ድምፅ የዊንዶውስን ማደባለቂያ አልፎ በቀጥታ ወደ ሳውንድ ካርዱ እንዲሄድ ነው። ማክ ያላችሁ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ኮር ኦዲዮ አብሮ ስላለ በዚህ አትቸገሩም። ናሙናውን ወደ 96,000 ማሳደግ ግን ለኤምፒ3 ዘፈን ምንም አይጨምርለትም፤ ሥራውን ብቻ ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ከተማችን ጉዳይ ልምጣ፤ መብራት። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ስለሚቀጥል የተረፍን ይመስለናል። ግን በዚያችው ቅጽበት ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ቅድም ደህና የነበረው ባፈር ይደርቃል። ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ለቻርጀርና ለባትሪ የተለያየ ማስተካከያ አለ። ብዙ ሰው የቻርጀሩን ብቻ አስተካክሎ ይወጣል። ሁለቱንም ወደ ሙሉ አቅም አድርጉ፤ ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ የሚለውንም በሁለቱም አጥፉት፣ ኮንትሮለሩን መሃል ላይ የሚያስተኛው እሱ ሊሆን ይችላልና። ኮንትሮለራችሁ ኃይል የሚወስደው ከዩኤስቢ ከሆነ ከላፕቶፑ ጋር በሕይወት ይቆያል። የራሱ አዳፕተር ያለው ከሆነ ግን ከመብራቱ ጋር ይጠፋል፤ ጄኔሬተሩ ሲነሳም ፕሮግራሙ እንደገና እስኪያገኘው ሰከንዶች ያልፋሉ። ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ፣ ለእሱና ለሚክሰሩ ያዙ። በሚክሰሩ ሌላ ቻናል ላይም ዘፈን የተጫነበት ስልክ ሁልጊዜ ተሰክቶ ይቆይ።

የኮንትሮለሩን ገመድ በሃብ (በዩኤስቢ ማብዣ) ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ። የላፕቶፑን ፋን አቧራ አስጠርጉ፤ የጋለ ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

አሁን ሻይ ቀርቧል። በስተግራ ያለው ጠረጴዛ ላይ ኮንትሮለርና ሁለት ሄድፎን አዘጋጅተናል። ላፕቶፕ የያዛችሁ በየተራ ሰክታችሁ ዘፈን ክፈቱ፣ ከዚያ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉትና የሚሆነውን አብረን እንስማ።